ሃምፍሪ የሰረዘው ገጽ

ማርጀሪ ሄልስቢ ለንደን ውስጥ፣ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ጓንት እየሰፋች ትኖር ነበር። ባሏ ሃምፍሪ ተዋናይ ነበር፤ በዕድሜው አንድ ተውኔት ብቻ ጽፎ ባለፈው የብርድ ወራት ሞተ። በተውኔቱ ውስጥ ባሕር የወሰደው ልጅ በመጨረሻ እናቱ ደጃፍ ላይ በሕይወት ይቆማል። ማርጀሪ ማንበብ አትችልም፤ ግን የመጀመሪያውን እትም ሃምፍሪ ደጋግሞ ስላነበበላት በቃሏ ትወጣዋለች።

ብርዱ ሲለቅ አዲስ እትም ወጣ። የጫማ ሰፊው ሚስት አሊስ እያነበበችላት መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ልጁ ሞተ እኮ፣ እትዬ ማርጀሪ።»

«አይሞትም። ደህና አድርገሽ አንብቢው።»

አሊስ ደገመችው። ልጁ ሞተ።

ማርጀሪ ሁለቱን መጻሕፍት በጉያዋ ሸጉጣ ቲያትር ቤቱ ሄደች። የተውኔቶቹን ወረቀት የሚጠብቀው ሽማግሌው ባርናቢ ነበር።

«ጋሼ ባርናቢ፣ አታሚዎቹ የባሌን ሥራ አበላሹት። ልጁን ገደሉት።»

«አታሚ ፊደል ይገድላል እንጂ ሰው አይገድልም» አለ ሊያስቃት። አልሳቀችም። ሣጥን ከፍቶ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። «ይኸው፣ የራሱ የሃምፍሪ እጅ ጽሑፍ ነው። የድሮውን መጨረሻ ሰርዞ አዲሱን ኅዳጉ ላይ ጻፈው። ያኔ ተዋናዮቹ አልወደዱትም፣ እዚሁ ከረመ። እሱ ሲሞት አታሚዎቹ ከዚህ ገለበጡት።»

«ያንብቡልኝ።»

«ይቅርብሽ።»

«ያንብቡልኝ እባክዎ።»

«እናቴ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝ» ብሎ አነበበ።

ማርጀሪ ቃሉን አወቀችው። ቃሉ የልጇ የቶቢ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ወረርሽኙ ሲገባ፣ ሃምፍሪ በየገጠሩ እየዞረ ሲጫወት፣ የከተማው ሹሞች በሽታው እንዳይዛመት ቤታቸውን ከውጭ ቆልፈው መስኮቱ ላይ ሳንቃ መቱበት። የዘጠኝ ዓመቱ ቶቢ ሦስት ቀን ሙሉ አየር ለመናት። ሳንቃውን በጥፍሯ ቧጠጠች፤ አልተከፈተም፤ ልጁ ሞተ። ሃምፍሪ ሲመለስ ይህን ነገረችው። ምንም ሳይል ዳቦውን ቆርሶ በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኝታ ለየች። ስለ ልጃቸው ቃል ሳይተነፍሱ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ሲያጣጥርም እጁን አልያዘችለትም።

«ይሄን ለሱ ብቻ ነው የነገርኩት» አለች።

ባርናቢ ጣቷን ይዞ ወረቀቱ ላይ አስኬደው። ያቺ አንዲት መስመር አራት ጊዜ ተጽፋ አራት ጊዜ ተሰርዛለች፤ በአምስተኛው ቀርታለች። ቀለሙ በሁለት ቦታ እንባ እንደነካው ፈስሷል።

«አሁን የትኛውን ልትጫወቱ ነው?»

«አዲሱን። በሚመጣው ሳምንት።»

«የድሮውን ተጫወቱት፣ ጋሼ። ልጁ ይግባ።»

«በኔ እጅ ቢሆን ደስ ባለኝ፣ ልጄ።»

አዲሱን ተጫወቱት፤ ሰዉ እያለቀሰ ወጣ፤ በበጋው ስድስት ጊዜ አስደገመው። ማርጀሪ አንድ ቀንም አልገባችም። ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት ስፌቷን ጥላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ትሄዳለች። ከሃምፍሪ ቀብር ወዲህ ረግጣው አታውቅም ነበር፤ ድንጋይም አላቆመችለትም። በመቃብሮቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ የትኛው አፈር የሱ እንደሆነ ግን መለየት አልቻለችም።