እትዬን ዳገት ያወጣው ማርሽ

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ሱሪው ነው። ሳይክል የሚነዳ ሰው የቀኝ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ሲከት አይቻለሁ፤ ሰንሰለቱ በዚያ በኩል ስለሆነ። የሰፈራችን ቁልፍ ሠሪ ግን ሁለቱንም ይከታል። ቁልፌን ክፍሌ ውስጥ ረስቼ የወጣሁ ቀን መጣልኝና በሩ ሥር ተንበርክኮ፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ፣ በቀጭን ሽቦ የቁልፉን ጋን ሆድ ሲያዳምጥ፣ እኔ የማየው ካልሲዎቹን ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን ሁለቱንም?» አልኩት በሩ ሲከፈት።

ደጅ ወደቆመው ሳይክል በአገጩ አመለከተኝ። በስተቀኝ የፔዳሉ ሰንሰለት አለ፤ በስተግራ ደግሞ እሱ ራሱ የገጠመለት የትንሽ ሞተር ሰንሰለት። «በሁለት ወገን የሚነክስ ውሻ አለኝ» አለና ሳቀ። ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ፣ በወፍራም ክር ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ ትራስ ነበር። የእህቱ መቀመጫ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ደጃፍ መቀመጥ ለመድኩ። ሱቁ ከቁም ሳጥን ብዙም አይበልጥም። ግድግዳው ላይ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች ተሰቅለዋል፤ ነፋስ ሲገባ እርስ በርስ ይንሿሿሉ። ለየትኛው በር እንደሆኑ እንኳ ገና አያውቁም እያልኩ እገረማለሁ።

እህቱን እትዬ ይላታል። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ ሳለ እግሩ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረ ጊዜ፣ የሰፈሩ ዳገት ጫፍ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት በጀርባዋ ተሸክማ አመላልሳዋለች። ዛሬ እዚያው ጫፍ ላይ ባለው ሆስፒታል አንሶላና ጋዋን ትሰፋለች። ዳሌዋን ካመማት ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳት እሱ ነው። ሳይክሉ ግን ማርሽ አልነበረውም። ሜዳ ላይ ይበራል፤ ዳገቱ መሐል ሲደርስ ሁለት ሰው ይከብደውና ሞተሩ አቃስቶ ይጠፋል። የቀረውን እሷ እያነከሰች ትወጣዋለች።

«ወሩ ሲያልቅ ሥራውን እለቃለሁ» አለች አንድ ቀን፣ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዳሌዋን እያሸች። «ቤት ሆኜ ጣሪያ እያየሁ አረጃለሁ፤ ምን ይደረግ።»

«እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

«እኔስ ልታገስህ ድንቡሼ፤ ዳሌዬን ማን ያባብልልሃል?»

ድንቡሼ የሚባለው ሰውዬ ዛሬ እንደ ሞረዱ ቀጥኗል። ስሙ ግን በሕፃንነቱ እንደተሰፋበት አለ።

በማግስቱ ቁልፍ የሚቀርጽበትን ጠረጴዛ የሳይክል ሆድ ዕቃ ሞላው። ሐሳቡን በጣቱ አቧራ ላይ ሥሎ አሳየኝ። ሞተሩ ኃይሉን በቀጥታ ወደ ኋላ ጎማ ከመላክ ይልቅ፣ በአጭር ሰንሰለትና በዘንግ ተሻግሮ የፔዳሉን ጥርስ ያዞራል። የኋላ ጎማው ላይ ደግሞ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተደራረቡ ጥርሶች ይገጠማሉ። ሰንሰለቱ ትንሹ ላይ ሲሆን ለሜዳ፣ ትልቁ ላይ ሲወጣ ለዳገት።

«ሞተሩ ያው ሞተር ነው» አለኝ፤ «በትንሽ በትንሹ እንዲጎርስ ነው የማደርገው።»

ጉልበት ሳይጨመር፣ ጉርሻው ስላነሰ ብቻ ዳገት መውጣት!

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን እንደያዘ ብቅ ይላል። «ስማ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ ሳል የያዘው ሽማግሌ?»

«አንተ የሰው ጆሮ እንዳትቆርጥ ወደ ሥራህ» ይለዋል ቁልፍ ሠሪው፣ ቀና ሳይል እየሞረደ።

በሙከራው ቀን ቀድሜያቸው ሄጄ ዳገቱ መሐል ቆምኩ። እየተንደቀደቁ መጡ። መንገዱ ሲከብድ ማርሽ ቀየረ፤ ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማና ሰንሰለቱ ተበጥሶ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ሰንሰለቱን አንስቶ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። እህቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«አልሆነም እትዬ።»

«ቆይ እስቲ። ስትቀይር ነዳጁን ለቀቅ አድርገሃል?»

«ዳገት ላይ? ይቆምብኛል እኮ!»

«እኔ እግሬን ከስፌት መኪናዬ መርገጫ ሳላነሳ ጨርቁን ባዞር መርፌዬ ቀጭ ነው የሚለው። ትንፋሽ ስጠው እንጂ! ጨርቁ እስኪዞር ብቻ።» ትራሱን ደገፍ ብላ አሰበች። «መቼ እንደሆነ እኔ እነግርሃለሁ። ሊከብደው ሲል ከኋላ ይሰማኛል።»

ቁልፍ ሠሪው ሰንሰለቱን አየ፤ እሷን አየ። «ያንቺን መርፌ ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ» አለና ሳቁ አመለጠው።

ሰንሰለቱ ተጠግኖ በማግስቱ ጠዋት ሲመጡ እዚያው ቆሜ ነበር። ሞተሩ ማቃሰት ከመጀመሩ በፊት እጇ ትከሻውን መታ አደረገው። ድምፁ ለቅጽበት ረገብ፣ ማርሹ ጠቅ፣ ከዚያ ወፈር ብሎ ቀጠለ። ትንሽ ቆይታ እንደገና መታ አደረገችው። እንደገና ጠቅ። የሚሄዱት በእርምጃ ፍጥነት ስለነበር ከጎናቸው እየተራመድኩ ወጣሁ። አልቆሙም። ያ እሷ የምትወርድበት ቦታ ደረሰ፤ አለፍነው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ክንዷን ይዞ አወረዳት።

«እትዬ፣ ያኔ ስትሸከሚኝ እንዲህ ይከብድ ነበር?»

«ኧረ አንድም ቀን ከብደኸኝ አታውቅም» አለች። አሰብ አደረገች። «ዝናብ የዘነበ ለት ብቻ፤ ጀሶህ ውኃ ጠጥቶ።»

ሁለቱም ሳቁ። እሱ ግን ሳቁ መሐል ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ። «ተመስገን» ሲል ሰማሁት፣ ቀስ ብሎ።

«በል፣ እለቃለሁ ያልኩትን ትቼዋለሁ ብዬ ለአለቃዬ ልንገረው። ሳይክሉን ግን እዚሁ ተውልኝ፤ አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች ይዩት። ማታ መጥተህ ትወስደኛለህ።»

«እኔስ በምን ልሂድ?»

«በእግርህ! ቁልቁለት አይደል?»

ሳይክሉን አጥሩ ላይ ቆለፈላት። የግራው ረጅም ሰንሰለት አሁን የለም፤ በእሱ ቦታ ያለችውን አጭሯን በቆርቆሮ ሸፍኗታል። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ አለፈና ቁልቁለቱን ተያያዘው። የቀኝ ሱሪው ካልሲው ውስጥ ነው። የግራው ወጥቶ፣ ነፋሱ እያውለበለበው፣ ኪሱ ውስጥ ቁልፎቹ እየተንሿሹ ወረደ።