በስቅለት ያየሁት ጠብታ

እናቴ የተቀበረች ዕለት አባቴ አላለቀሱም። ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እሳቸው የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፈው ቆመው ነበር። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። እኔ ቂመኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ያን ያህል ዘመን አብራቸው ለኖረች ሴት አንዲት ጠብታ መንፈጋቸውን ይቅር ማለት አቃተኝ። ቀየት ከተማ ላይ ባና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ እሳቸው ደግሞ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀው ባና ይሸምናሉ። የሸመኑትን በሰው ይልኩልኛል፣ እኔም ስኳርና ሳሙና በሰው እልካለሁ። ከተዝካሩ በኋላ እግሬ ወደ ቤታቸው አልዞረም።

በዓመቱ ስቅለት ግን ለስግደት ወደ ልጅነቴ ደብር ሄድኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ቂሜን እንደያዝኩ ስሰግድ ዋልኩ። ከሴቶቹ ወገን ሆኜ ቀና ስል፣ አባቴን በወንዶቹ ጫፍ ጥቂት ክንድ ርቀው አየኋቸው። ግንባራቸውን ወደ መሬት በደፉ ቁጥር ከፊታቸው ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ነበር። ከፊታቸው ያለው ድንጋይ ርሷል። ለካ ሰውየው ለብቻቸው ሲያለቅሱ ነው የኖሩት አልኩ።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ቤታቸው ሄድኩ።

«አባባ፣ በስቅለት አየሁዎት» አልኳቸው።

«ምኑን አየሽ?»

«እንባዎን።»

አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ዝም አሉ። እኔ ዝምታውን ትሕትና ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እሄድ ጀመር። ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ስለ እናቴ አወራለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለደንበኞቼ ሳይቀር «አባቴ እኮ እስካሁን ያለቅሱላታል» እያልኩ እኩራራ ነበር።

አፍንጫቸው ሁልጊዜ ይፈስ ነበር። «የጓሳ ተራራ ብርድ ነው» ይላሉ። ዳማከሴ አሸተትኳቸው፣ ፌጦ በጥብጬ አጠጣኋቸው፤ ጤና ጣቢያውም ሁለት ጊዜ የአለርጂ ክኒን ሰጣቸው። ለውጥ የለም። ያነቃኝ አጠባው ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው መሀረብ ሲደርቅ ግትር ይላል፤ የእሳቸው ግን የምንጭ ውሃ የነካው ያህል ልስልስ ብሎ ይደርቃል። ከዚያ ልብ ብዬ ሳይ፣ የሚወርደው በቀኙ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሊሸምኑ ሲጎነብሱ ይብሳል። ብወተውታቸው ጊዜ ጉሮሯቸውን ጨው ጨው እንደሚላቸው፣ ራሳቸውንም እንደሚያማቸው አመኑ። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ እየተነጫነጩ፣ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

የአንገት በላይ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልቸኮለም። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጦ አንገታቸውን አስደፋና ከአፍንጫቸው ሥር ትንሽ ብልቃጥ ያዘ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ገባበት።

«አባቴ፣ ጭንቅላትዎን ተመተው ያውቃሉ?»

«በጥር በቅሎ ጥላኛለች። በግንባሬ ነው የወደቅኩት።»

«ይኼ ውሃ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አባቴ እኔን ሳያዩ «ከዚያው ሰሞን» አሉ።

ሐኪሙ አስረዳን። አንጎል በውሃ የተከበበ ነው። ከአፍንጫ የሚለየው አጥንት እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ስለሆነ፣ ሲሰነጠቅ ውሃው በአፍንጫ ይወርዳል። በብልቃጥ የተያዘው የአንጎል ውሃ መሆኑ በላቦራቶሪ ይረጋገጣል፤ ስንጥቁ ያለበት ቦታ ደግሞ በሲቲ ስካን ይፈለጋል። ውሃው በሚወርድበት መንገድ ጀርም ወደ አንጎል ሊወጣ ስለሚችል፣ ማጅራት ገትር ቢይዛቸው ሊሞቱም ይችላሉ። ጉዳቱ እንደደረሰ ቢመጡ ኖሮ፣ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ አለማጎንበስና ከባድ አለማንሳት፣ አለመናፈጥ ብቻውን ሊደፍነው ይችል ነበር። እስካሁን ያልተደፈነው ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል አለን። ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን «ከዚያው ሰሞን» ያሉት ነው። ጥር ከስቅለት ይቀድማል።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ተናድጄ ነበር።

«አባባ፣ በስቅለት ያየሁት እንባ አልነበረም አይደል?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ይኼን ሁሉ ወር። ሊሞቱ ይችሉ ነበር እኮ።»

ጉልበታቸውን እያሹ ቆዩ። «ለእናትሽ እንባ አልመጣልኝም ልጄ። ፈልጌው ነበር፣ እምቢ አለኝ። አንቺም በዚያው ቀረሽ። ኋላ በዚህ ውሃ ተመለስሽልኝ። እንባ አይደለም ብልሽ መልሰሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ልቆጣቸው አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። በሽታቸውን ያስደበቃቸው የኔ ቂም ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተደረገ። በአፍንጫቸው ቀጭን ካሜራ አስገብተው፣ ከጭናቸው በወሰዱት ስስ የጡንቻ ሽፋን ቀዳዳውን ደፈኑት። ከዚያ ለሳምንታት በትራስ ተደግፈው ተኙ። ሆዳቸው እንዳይደርቅና እንዳያምጡ ተልባ ጠጡ፤ ማስነጠስ ሲመጣባቸውም በተባሉት መሠረት አፋቸውን ከፍተው አስነጠሱ። ባና መሸመን ተከልክለው ስለነበር ቁጣቸውን የምችለው እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻው ቀጠሮ የደብረ ብርሃኑ ሐኪም እንደገና አንገታቸውን አስደፋቸው። እኔ ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ አፍንጫቸውን እያየሁ ጠበቅኩ። ብዙ ቆየን፤ ምንም አልወረደም። ሐኪሙ ውጤቱን ለመጻፍ ወደ ጠረጴዛው ዞር ሲል፣ አባቴ አንገታቸውን እንደደፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቆመ እንዴ?»

«ቆሟል አባባ።»

አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። «እንግዲህ አንቺም ሱቅሽን ትተሽ በየእሑዱ አትቸገሪም።»

«እሑድ እመጣለሁ» አልኳቸው። «ምሳ ሳይበሉ ይጠብቁኝ።»