ለነገ የተሰፉ ዩኒፎርሞች

እህቴን ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ክፍል እሷ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ካበላሸሁ ደግሞ ስድቤን እጠጣለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄዳ ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ናሙና የሰጠችው እኔ ነዝንዣት ነው። «ምኔን አሞኝ?» ስትለኝ «እታለም፣ ይሄ እኮ ሳያም የሚደረግ ነው» አልኳት። በኋላ ተደወለላት። ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ ስለተገኘባት ለተጨማሪ ምርመራ እንድትመጣ ነገሯት። ስልኩን ዘግታ «አለቀልኝ» አለች።

እሷ መቼም ተኝታ አታለቅስም። ቀጠሮዋ እስኪደርስ የልጇን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መስፋት ያዘች። አንዱ ለዘንድሮ፣ አንዱ ለከርሞ፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ ላለው፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ሰፋና ረዘም ይላል። የመጨረሻው ለእኔም ይበቃል። ያላደገች ልጅ በምን ትለካለች? ሳይለካ መቀስ የሚያነሳ ልብስ ሰፊ ሌባ ነው የምትለዋ እህቴ በግምት ቆረጠች። እሷ ለማትኖርበት ጊዜ እንደምትሰፋ ሲገባኝ ካውያውን አስቀመጥኩ።

በቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ፊቷን አይታ ነው መሰል ቶሎ ብላ፣ «ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም፣ እህቴ። ብዙ ሴት ይይዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ ቆይቶ ጉዳት እንዳያመጣ ነው የጠራንሽ» አለቻት። ከዚያ መረመረቻት። ትንሽ የተለወጠ ቦታ አገኘች፤ ካንሰር ግን አልነበረም። እዚያው ቦታውን በሙቀት መሣሪያ አቃጥላ አከመቻትና በዓመቱ ለክትትል እንድትመለስ ነግራ ሸኘችን።

መርፌ ከበሩ እንደወጣች ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ቀሚሴን በወጉ አልተኮስሽውም ብላ ተቆጣችኝ። እኔም እፎይ አልኩ። ስድቧ እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትልቁን ዩኒፎርም ከመደርደሪያው አግኝታ ለበሰችው። እጆቿ እጅጌው ውስጥ ጠፉ።

«እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ ነበር።»

«መቼ ልለብሰው?»

እህቴ አወለቀችላትና ምላጯን አንስታ ስፌቱን ትተረትር ጀመር።

«ጨርቁ ይቀመጥ» አለቻት። «ስታድጊ ለክቼ እሰፋልሻለሁ።»