ውሃ ቀስቃሹና አማቱ

ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ቀስቃሹ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣው ግን ራሱ ነው። የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። በየማክሰኞው የቧንቧው መስመር አልቆ የሚዘጋበት ሰፈር ይሄዳል፣ የጉድጓዱን ክዳን ያነሳል፣ ቫልቩን ከፍቶ ውሃውን ወደ ቦዩ ይለቃል። መውጫ በሌለው ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውሃ ክሎሪኑ ይጠፋበታል፣ ዝገት ይቀላቀለዋል፣ መሽተት ይጀምራል። እሱ ይህን ሁሉ ማብራራት ስለሚሰለቸው «ውሃው ተኝቶ ነበር፣ ቀሰቀስኩት» ብሎ ይገላገላል። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ውሃው እስኪጠራ አንድ ሃያ ደቂቃ ይገተራል።

ክፋቱ፣ የመስመሩ የመጨረሻ ቤት የአማቱ ነው። አማቱ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። አሥራ ስምንት ዓመት በመስኮት ሲያዩት ኖረው ለልጃቸው የሚሏት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ባልሽ ዛሬም ተገትሮ ዋለ።» እሱም «እናትሽ እኮ አንድ ቀን ቁጭ በል ብለውኝ አያውቁም» እያለ ይስቃል። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ዘንድሮ አዲስ ኃላፊ መጣ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሞላ ቅጽም ይዞ መጣ። ቀስቃሹ «ምክንያት» በሚለው ቦታ እንደ ልማዱ «ውሃው ስለተኛ» ብሎ ጻፈ።

«ማነው የተኛው?» አለ ኃላፊው ቅጹን እያወዛወዘ። «አንተ ነህ ወይስ ውሃው?»

በዚያው ሳምንት፣ ንጹሕ ውሃ ቦይ ውስጥ እየደፋ ተገትሮ የሚውል ሰው አለ የሚል አቤቱታ ደረሰ። ፊርማው የአማቱ ነበር። ኃላፊው ቫልቩ እንዳይከፈት አዘዘ፤ ቀስቃሹንም ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚመድበው ነገረው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ብሎን ሲቆጥር መዋል ለእሱ እስር ቤት ነው። አንጀቱን ያሳረረው ግን የፈረሙት እሳቸው መሆናቸው ነበር።

ሦስት ማክሰኞ አለፈ። በአራተኛው ሰኞ አማቱ ነጭ አንሶላቸውን ነክረው ቢያወጡት ሻይ መስሏል። ወዲያው ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«ያ ባልሽ የት ጠፋ?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ የከሰስሽው፣ እማዬ!»

«እኔ የከሰስኩት መገተሩን ነው እንጂ ሥራውን መች ከሰስኩ?»

በማግስቱ ጠዋት ከቧንቧቸው አንድ ብርጭቆ ቀድተው፣ በሳህን ከድነው፣ ቀጥ ብለው ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ጠጣ ልጄ።»

ኃላፊው አሸተተና አፍንጫውን ያዘ። «እማማ፣ ይሄማ አይጠጣም።»

«ምን ሆኖ?»

ኃላፊው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየው። አማቱ አዘኑለት።

«ተኝቶ ነው» አሉት። «ቅጽህ ላይ እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ከሰዓት በኋላ ቀስቃሹ በኃላፊው ትእዛዝ የቫልቩን ቁልፍ ይዞ ተመለሰ። ቫልቩን ሲከፍተው ቡናማው ውሃ እየተንፎለፎለ ወጣ። የአማቱ በር ሲከፈት ሌላ ክስ መጣ ብሎ ቀና አለ፤ እሳቸው ግን በርጩማ ይዘው ወጥተው ከጉድጓዱ አጠገብ አስቀመጡለት።

«ቁጭ በል» አሉት። «ሲቆም ያስጠላል።»

«ማነው የሚያስጠላው እማማ? እኔ ነኝ ወይስ ውሃው?»

«ሁለታችሁም!»

ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፍንጣሪ የገባበት ለማስመሰል ፊቱን ጠረገ። ሃያ ደቂቃው አለፈ፣ ውሃውም ከጠራ ቆየ፣ እሱ ግን ከበርጩማው የሚነሳ አልመሰለም።

«ኧረ ዝጋው!» አሉ አማቱ በመስኮት። «ኋላ እንዳልከስህ!»