ማሽኑ የሚዘለው መስመር

እንጅባራ ውስጥ ሥራዬን የሚያውቅልኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ኮዴ ውስጥ ወሬ ባልጻፍኩ ነበር። የለም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ኮምፒውተር ነው አይደል የምትሠራው? ፎቶ ኮፒስ ታነሳለህ?" ይለኛል። ብዙ ጊዜ ተናድጄ አሁን "ማሽኑ ተበላሽቷል" ማለት ለምጃለሁ።

የምጽፈው ስማርት ኮንትራት ነው። ሰዎች የተስማሙበትን ውል ያለ ሦስተኛ ወገን ራሱ የሚፈጽም፣ ብሎክቼይን በሚባል፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በተበተነና አንዴ የገባበት በማይለወጥ መዝገብ ላይ የሚቀመጥ ኮድ ማለት ነው። እዚያ የሚቀመጠው ግን የማሽን ቋንቋ ስለሆነ ሰው አንብቦ አይረዳውም። ስለዚህ ሰው የሚያነበውን ዋናውን ጽሑፍ ኤፒአይ በሚባለው የፕሮግራሞች መገናኛ በኩል ብሎክቼይኑን ለሚያሳየው ድረ ገጽ እልካለሁ። ድረ ገጹ ጽሑፉን ራሱ ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠውና ከተቀመጠው ጋር ያስተያየዋል። አንድ ከሆኑ ተረጋገጠ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገ ሰው ሁሉ ገብቶ ያነበዋል።

ያን ሰሞን ከውጭ አገር የመጀመሪያ ሥራዬን አግኝቼ ነበር። አሠሪዬን በፊት አላውቀውም፤ መልእክቱ ከሁለት መስመር አያልፍም። "እስከ ዓርብ ሙሉ በሙሉ ይረጋገጥ፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አለኝ። ሥራው ከእጄ ከወጣ ዕቃዬን ሸክፌ አዲስ አበባ ከመግባት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። መሄድ ደግሞ አልፈልግም።

ኮዱን ብሎክቼይኑ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ጽሑፉን ልልክ ስል አፈርኩ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየመሃሉ ማስታወሻ ይተዋል፤ ማሽኑ እነዚያን መስመሮች ይዘላቸዋል። የእኔዎቹ ግን ማስታወሻ አይደሉም፤ በአማርኛ የተጻፉ ወሬዎች ናቸው። "ዛሬም ጭጋግ ነው።" "መብራት መጣ፣ እልል!" "ይህን ክፍል ጨረስኩ፤ ለማን ልንገር?" እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረግ ሁሉንም ጠረግኩና ላክሁ።

"በከፊል ይመሳሰላል" የሚል መልስ መጣ።

ረቡዕን ሙሉ ቅንብሩን ስለዋውጥ ዋልኩ። ሐሙስ ኔትወርኩ ሲያስቸግረኝ በሚኒባስ ዳንግላ ወርጄ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ላክሁ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ፤ መልሱ ያው ነበር። በብስጭት ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ተመለስኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ነው የገባኝ። ማሽኑ ማስታወሻዎቹን ቢዘላቸውም አሻራቸውን ይይዛል። ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ መጨረሻው ላይ ከእያንዳንዱ ፊደል ተሰልቶ የሚወጣ የጠቅላላው ጽሑፍ አሻራ ይቀመጣል፤ የእኔ ወሬም እዚያ ውስጥ አለበት። ወሬውን ስጠርግ አሻራው ተለወጠ። የሌላ አገር ሰው ይህን ስህተት አይሠራም፤ የሚያዋየው የሥራ ባልደረባ አለውና።

እዚህ መብራት ሳይነግር ስለሚሄድ የሠራሁትን በየቀኑ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ያልጠረግኩት ዋናው ጽሑፍ እዚያ ነበር። ከመላኬ በፊት ሁሉንም አነበብኩት። አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ የገበያ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከማንም ጋር አላወራሁም። ድምፄን ለመስማት ብዬ ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ አነበብኩ።" ይህን ዓለም ሁሉ ሊያየው ነው ብዬ ሳልልከው አደርኩ። ዓርብ ጠዋት እንደምንም ላክሁት።

"ሙሉ በሙሉ ይመሳሰላል" አለ።

አሠሪዬም "ጥሩ፤ የሚቀጥለውን እልካለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። ያ የማያውቀው ፊደል ምን እንደሚል አልጠየቀኝም። ስፈራው የነበረውን ባለመጠየቁ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ።

ወደ ግቢው ወጣሁ። አከራዬ በር ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ ከጎረቤት ጋር በአዊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። የእሳቸውን ክፍልና የእኔን የሚለየው ጭቃ የተመረገ የቀርከሃ ግድግዳ ነው። ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝና ሁሉንም አወራኋቸው።

"ምን ብለህ ነው የጻፍህበት?" አሉኝ።

"ተራ ነገር ነው፣ እማማ።"

"በል አንብብልኝ።"

ከስልኬ ላይ አነበብኩላቸው። ስለ ጭጋጉ ሲሰሙ ሳቁ። የገበያውን ቀን ሳነብ ግን ቢላዋው እጃቸው ላይ ቆመ።

"ያን ለት ቁጥር ስትጠራ ሰምቸሃለሁ" አሉኝ። "እግሬ አልሄድ ብሎኝ እኔም ከገበያ ቀርቸ፣ ብቻየን ቁጭ ብየ ነበር። ሻይ አፍልቸ ልጠራህ ተነሳሁና፣ እንግዳ ያለህ መስሎኝ ተመለስሁ።"