በወንድሙ እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በደርግ ጊዜ እኛ መምህራን እየተሰበሰብን ሂስና ግለ ሂስ እናደርግ ነበር። እኔም ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ፣ አርፍጃለሁ፣ የክፍል ሥራ ሳላርም ቀርቻለሁ እያልኩ ራሴን ወቅሻለሁ። ይህን ግን አላነሣሁም። ጥፋት መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አይደለም። አውቅ ነበር።

መርካቶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ድምፄም ቀጭን ነው። ተማሪው ዴስኩ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ከውጭ የቆርቆሮ ቀጥቃጮች ጩኸት ይገባል፣ እኔን የሚሰማ የለም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ያልመለሰ ይቆማል፤ የመለሰ የቆመውን በጥፊ ይመታል። ሽልማቱም ቅጣቱም በአንድ ጥፊ አለቀ። የእኔ እጅ ማንንም አይነካም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ርእሰ መምህሩም በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ።

በዚያ ክፍል ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቁ እንድሪስ፣ ታናሹ ሙሄ። ቤተሰባቸው ከወሎ የመጣ ነው፤ አባታቸው ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ይሸጣሉ። እንድሪስ አባቱን ሲያግዝ ትምህርት ዘግይቶ ስለጀመረ ከታናሹ ጋር አንድ ክፍል ገባ። ሙሄ ጎበዝ ነው፤ እጁ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል። ወንድሙ ሲጠየቅ ግን አያወጣም። ይህን አስተውያለሁ። ላልፈው እችል ነበር። አንዱን ካለፍኩ ሕጉ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን እንድሪስን ጠየቅኩት። አልመለሰም፤ ቆመ። ሙሄን ጠራሁት። መለሰ።

«ምታው» አልኩት።

«ቲቸር፣ ታላቄ ነው እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እዚህ ታላቅና ታናሽ የለም። ምታው፤ አለዚያ ክፍሉ በሙሉ ይንበረከካል።»

ተማሪው አጉረመረመ። ይሄኔ እንድሪስ ራሱ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሰጠው። «በል ምታኝ፣ ሙሄዬ። ምን አለበት» አለው። ሙሄ ነካ አደረገው። እኔ «ይሄ ጥፊ አይደለም፤ ድገም» አልኩ። ደገመ። ይሄኛው ተሰማ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ድገም ያልኩት እኔ ነኝ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

እንድሪስ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣም። ሙሄ ይመጣል፣ ግን እጁን አያወጣም። ስጠይቀው «አላውቅም» ይልና ቆሞ ጥፊውን ይቀበላል። መልሱን እንደሚያውቅ አውቃለሁ።

አባታቸው መጡ። «መምህር፣ ልጄ ትምህርት በቃኝ አለ። ብጠይቀው አይናገርም። ምን ነክቶት ይሆን? እርስዎ ያውቁ እንደሆን ብዬ ነው» አሉኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ጭንቅላቱ ለትምህርት አልሆነም፤ ሱቅ ቢውል ይሻለዋል» አልኳቸው። አመኑኝ። መርቀውኝ ሄዱ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በሶማሌ ተራ ሳልፍ «ቲቸር!» ብሎ የጠራኝ እንድሪስ ነው። ሱቁ ውስጥ በርጩማ አቀረበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። መቀመጥ አቃተኝና እንደቆምኩ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«እኔስ ትቼዋለሁ» አለኝ። «ይቅርታውን ለሙሄ ይንገሩልኝ። ዒድ በመጣ ቁጥር ቤቴ ይመጣል፣ ግን ዓይኔን አያየኝም። የመቱኝ እርስዎ ነዎት፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ እኔ ነኝ ይላል።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ። ሙሄ የሚሠራበትን ቤት ነገረኝ። መሳለሚያ ሰፈር ነው፤ በእግር ይደረሳል።

አልሄድኩም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ኋላ ጊዜው አልፏል አልኩ፤ አሁን ደግሞ አርጅቻለሁ እላለሁ። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ወጣት ነበር፣ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ የማይመታ መምህርስ ማን ነበር ብላችሁ ታዝኑልኝ ይሆናል። አታድርጉት። ይቅር ካላችሁኝ ከነጭራሹ አልሄድም።