በእንሶስላ ጣት የተለካ ትንፋሽ

ሱሉልታ ገበያ እህል ስሸጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሚዛንን ነገር ግን ማንም አያስተምረኝም። ከሰው እህል ከመግዛቴ በፊት ባዶውን ሚዛን አያለሁ። ከዚያ የራሴን የኪሎ ብረት ከዘንቢሌ አውጥቼ አስቀምጥበታለሁ። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ “ዳኛዋ መጣች” ይባባላሉ። ይበሉ።

አምና የልጅ ልጄ ስትዳር ታናሽ እህቴ ከሰበታ መጣች። ከሠርጉ በፊት ሴቶቹ የእንሶስላ ሥር ወቅጠው፣ በሎሚ ለውሰው፣ እጃቸውን እየቀቡ በቅጠል ጠቀለሉ። እህቴ ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ሰጠች። እኔ የሰጠሁት ግራ እጄን ብቻ ነበር።

“እቴቴ፣ ቀኝሽን ለማን አስቀመጥሽው?” ብላ ሳቀችብኝ።

“ለጤፍ።”

ቀልዴን አልነበረም። ነጩን ማኛ ጤፍ በቀላ መዳፍ ላይ ዘርግተው ቢያዩት ቀይ የተቀላቀለበት ሰርገኛ ይመስላል። ስገዛም ስሸጥም ጤፍ የማየው በቀኝ መዳፌ ላይ ነው። እሱ ከቀላ ወይ ባለ እህሉ ይበደላል፣ ወይ እኔ እታለላለሁ።

ከሠርጉ በኋላ እህቴን ሳል ያዛት። ብርድ ነው ብለን ችላ አልነው። በሳምንቱ ትንፋሽ ሲያጥራት ሆስፒታል ይዘናት ሄድን፤ አልጋ የተገኘው ቡራዩ ነው። የሳንባ ምች ነው ተባለና ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት።

እዚያ ክፍል እያንዳንዱ በሽተኛ ራስጌ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ጣት ላይ ደግሞ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ መለኪያ ይደረጋል። ሰማያዊው ቁጥር ደሟ የያዘውን ኦክስጅን እንደሚናገር፣ ከመቶ እንደሚቆጠር ጠይቄ አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ ለመጠየቅ በገባሁ ቁጥር ከእህቴ ፊት በፊት የማየው ያንን ቁጥር ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ኦክስጅን በኃይል የሚገፋ ማሽን ተለቀቀ። አንድ ብቻ ነው። የሚፈልጉት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እህቴና ከጎኗ የተኙ የቡራዩ ጨርቅ ነጋዴ ሽማግሌ። ሴት ልጃቸው እግራቸው ሥር ቆማለች። ዶክተሩ “የባሰበት ይቀድማል” አለ። ፍርዱን ወደድኩት። ሰሌዳዎቹን አየሁ፤ እህቴ ሰባ ስምንት፣ ሽማግሌው ሰማንያ አራት።

“ተራው የእህቴ ነው” አልኩ፣ ክፍሉ እስኪሰማ።

የዕለቱ ነርስ ቀጠን ያለች ልጅ ናት። ሁልጊዜ በኦሮምኛ “አኮ፣ አከም ጅርቱ” ብላ እንደ አያቷ ነው የምትቀበለኝ። ያን ቀን ግን ሰላምታ አልነበረም።

“አኮ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። ይህን ቁጥር አላመንኩትም።”

የእህቴን አንጓ ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች የልብ ምቷን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ደረቷን እያየች ትንፋሿን ቆጠረች። ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ መለኪያውን ከጣቷ ነቅላ በሌላ መለኪያ ጆሮዋን ቆነጠጠች፤ ጠብቃ ጠብቃ፣ ሰማንያ ስምንት።

ደሜ ፈላ። “ጣቷ ላይ ሲያንስ ጆሮዋ ላይ አስበለጥሽው? እስኪመችሽ ቦታ ልትቀያይሪ ነው? እኛ ገበያ ይህን የሚያደርግ ሰው ስም አለው!”

“ልክ ነዎት” አለች። “ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ከቀየርኩ ሌብነት ነው።”

የሽማግሌውንም ጆሮ ለካች፤ ሰማንያ ሦስት፤ ሁለቱንም በወረቀት ጻፈች። ዘወር ብላ ከወዲያ ጥግ ያለችውን ጓደኛዋን ጠራች፤ ምን እንዳገኘች ግን አልነገረቻትም። ያችኛዋ ሁለቱንም ጆሮ እንደ አዲስ ለክታ በወረቀት ጻፈች። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተለያዩት በአንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ዶክተሩም ከሁለቱም አንጓ ደም ቀድቶ አስመረመረ። ደሙ ከጆሮው ጋር ተስማማ። ማሽኑ እስካሁን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እኔ አሁንም እያጉረመረምኩ ነው። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች።

“ግራ እጅዎን ይስጡኝ እስቲ።”

ሰጠኋት። ሰባ ዘጠኝ።

“አሁን ቀኝዎን።”

ዘጠና ሦስት።

“አኮ፣ በግራ እጅዎ ቢፈረድ ኖሮ እርስዎም እዚህ አልጋ ይገባዎት ነበር። ሰባ ዘጠኝ የሆነ ሰው ግን እንዲህ አይጮህም።”

የሽማግሌው ልጅ በጭንቀቷ መሃል ሳቅ አመለጣት። ነርሷ ቀጠለች፦ “ይህ ዕቃ በጣት ውስጥ ብርሃን አሳልፎ የሚያየው የደሙን ቀለም ነው። የጠረጠርኩት እንሶስላውን ነው።”

ማኛው በቀላ መዳፍ ላይ ሰርገኛ እንደሚመስል በዚያ ክፍል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቀኝ እጄን ለጤፍ ጠብቄ የእህቴን ትንፋሽ በቀላ ጣት ስመዝን ሦስት ቀን ሙሉ ሰነበትኩ።

ዶክተሩ ሊናገር ሲል እኔ ቀደምኩት። “የባሰበት ይቀድማል ተብሏል። ለአባትሽ ይሁን” አልኳት ልጅቷን።

“እናቴ፣ አላህ እህትዎን አፊያ ያድርግልዎ” ብላ እጄን ሳመች።

ደግ ሆኜ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ። እህቴ ብትሞት ማሽኑን በገዛ አፌ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለእናታችን ልጅ ያልቆምኩ ለማን ልቆም ነው? እያልኩ ሥሩንም፣ ሎሚውንም፣ ሠርጉንም ረገምኩ።

ነርሷ እህቴን ለቁጥሩ ብቻ አልተወቻትም። በየግማሽ ሰዓቱ ጆሮዋን፣ የልብ ምቷን፣ ትንፋሿን ቆጥራ ጻፈች። በሆዷ አስተኛቻት፤ እንዲህ ሲተኙ ሳንባ ከጀርባ በኩል ይከፈታል አለችኝ። ፈረቃ ስትቀይር እሷና ተተኪዋ አንድ ላይ ቆመው ለክተው ተረካከቡ። እኔ እህል እንኳን እንዲህ ተጠንቅቄ አስረክቤ አላውቅም። ሰማንያ ስምንቱ ሁለት ቀን እዚያው ቆየ። በሦስተኛው ቀን ዘጠና ሆነ። በአምስተኛው እህቴ ዓይኗን ገልጣ “ማነው ጆሮዬን የሚጎትተኝ?” አለች። ሽማግሌውም እሷ ከሆስፒታል ከወጣች ከአራት ቀን በኋላ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ወጡ።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ ነርሷ ከጓደኛዋ ጋር ገበያ ድረስ መጣች። ጥናት ጀምራለች።

“የምን ጥናት? ግራና ቀኜን ለክተሽ አይተሽ የለ?”

“የእርስዎ ሁለት እጅ ለመጠርጠር ይበቃል አኮ፣ ለማወቅ ግን አይበቃም።”

ብዙ ጤነኛ ሰው መለካት አለባት፤ ከፍታ ቁጥሩን ስለሚለውጥ በሱሉልታም፣ በሰበታም፣ በቡራዩም። የአንድ ሰው የተቀባና ያልተቀባ ጣት ይለካል፤ የትኛው እንደሚቀድም ዕጣ ይወጣል። አንዷ የለካችውን ሌላዋ አታይም። ፈቃድ መጠየቂያውን ለእያንዳንዱ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እምቢ ያለን አታባብልም። የድንኳኔን ጥላ ለቀቅኩላት፤ ከሠርግ የተመለሱ ሴቶችንም እኔ ሰበሰብኩ። ጠዋት ሥራ ሳትጀምር መለኪያዎቹን ሁሉ በራሷ ጣት ስትፈትሽ ሳይ የኪሎ ብረቴ ትዝ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት አትክልት ሻጭ ተቀመጠች። የተቀባው ጣቷ ዘጠና አራት፣ ያልተቀባውም ዘጠና አራት።

“ይህችን ተያት” አልኩ በነርሷ ጆሮ ሥር። “እንሶስላዋ ቀጭን ነው። ነገሩን ታበላሽብናለች።”

ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ አየችኝ። “አኮ፣ የእርስዎ የኪሎ ብረት ሚዛኑ ትክክል ነው ሲልዎት ይጥሉታል?”

አንገቴን ደፋሁ። እሷ ዘጠና አራት፣ ዘጠና አራት ብላ ጻፈች። አስባ የመጣችውን የሚያፈርስ ቁጥር በዚያው በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያው ልክ ጻፈችው። ገበያ ላይ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ራሱን የሚጎዳ ሚዛን የሚመዝን ሻጭ አይቼ አላውቅም፤ ወደ ማንም የማያደላ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።

የሰበታው ተራ ሲደርስ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ እህቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ግራዋ በእንሶስላ ጠቁሯል፤ ቀኟ ንጹሕ ነው።

“ቀኝሽን ለማን አስቀመጥሽው ብለሽ ጠይቂኝ እንጂ” አለችኝ።

“ለማን?”

“ለሲስተሯ!” አለችና ሳቋ ሳያስላት እስከ መጨረሻው ወጣ።

ዕጣው ወጣ፤ ቀኝ ይቅደም ተባለ። መለኪያው ጣቷን ሲቆነጥጥ አንገቴ እንደ ልማዱ ወደ ቁጥሩ ተሰገገ። ጓደኛይቱ በመዳፏ ሸፈነችው፤ ከምትለካዋ በቀር ማንም ማየት የለበትም። ልከራከር አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ፣ ቁጥሯን ሳይሆን እህቴ ስትተነፍስ እየሰማሁ ተቀመጥኩ።